ግልባጭ፦ ለሁሉም

ያለፈው ዓመት የፋሲካ ዋዜማ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20 ላይ የምሠራበት ድርጅት (ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው) የሰርቨሩ ዲስክ ጢም ብሎ ሞላና ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ዳታቤዝ የሚጽፍበት ቦታ ሲያጣ ሥራ ያቆማል። ዳታቤዙ ሲያቆም ደግሞ ደንበኛው ስልኩ ላይ የምትሽከረከረዋን ክብ እያየ ይቀመጣል። አስቡት እንግዲህ፤ ሰው የጎደለችውን ቅቤና እንቁላል ይዞ ሊከፍል ቆሟል፣ ከኋላው ወረፋ አለ፣ የእኛ ክብ ግን ትሽከረከራለች።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። የቆዩ የሎግ ፋይሎችን ጠርጎ ዳታቤዙን መልሶ ማስነሳት ነው፤ 20 ደቂቃ አይፈጅም። ነገሩ የተስተካከለው ግን ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ነው። ያን ያህል ጊዜ፣ ያውም ገበያው በደራበት ምሽት፣ ሰርቨሩን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

በዓሉ አልፎ ሥራ ስንገባ ስብሰባ ተጠራ። አለቃችን ይዘዋት የመጡት ጥያቄ አንዲት ናት። «ተረኛው ማን ነበር?»

ተረኛው ከተቀጠረ ሰባት ወሩ የሆነ ልጅ ነው። የእሱ ተራ የሚጀምረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። «ጋሼ፣ ለእኔ የተደወለልኝ 5 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ላይ ነው። ወዲያው ነው ላፕቶፔን የከፈትኩት» አለ። አለቃችን ሪፖርቱን አነሡ። ሪፖርቱ አለርቱ የተላከው 2 ሰዓት ከ20 ላይ ነው ይላል። ተልኳል። አልደረሰኝም። ተልኳል። አልደረሰኝም። ክርክሩ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ኮምፒውተር አይዋሽማ! ሐሙስ ዕለት ለልጁ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

እዚህች ጋ ቆም በሉልኝ። ሰርቨሩ የላከው ማስጠንቀቂያ ለልጁ አልደረሰውም። ድርጅቱ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን ደርሶታል። ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ማኅተም አርፎበት፣ በመዝገብ አስፈርሞ፣ በእጁ። ድርጅታችን መልእክት ማድረስ አይችልም ያለው ማነው?

እኔን የከነከነኝ 5 ሰዓት ነው። መልእክት ሊጠፋ ይችላል፣ ሊዘገይም ይችላል። ግን እንዴት ሆኖ ልክ 5 ሰዓትን ጠብቆ፣ ከዚያ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል? የሚዘገይ ነገር ሰዓት አያከብርም። ሰዓት ካከበረ አንድ ሰው አዞታል ማለት ነው።

ሥራው ለማያውቃችሁ ላስረዳ። ሰርቨር ሲታመም ራሱ ደውሎ «ታምሜያለሁ» አይልም። ሌላ ፕሮግራም በየጥቂት ሴኮንዱ የልብ ትርታውን ይለካል፤ ናጂዮስ፣ ዛቢክስ፣ ፕሮሚቲየስ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ልኬቱ ከወሰን ሲያልፍ አለርት ይነሣል። እኛ ቤት የምንጠቀመው ፕሮሚቲየስን ነው፤ የተነሣውን አለርት አለርትማናጀር ለሚባል ጓደኛው ያስረክባል። ይኼኛው ደግሞ እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። ፖስታው ላይ የተጻፈውን እያነበበ ይኼ ለዳታቤዝ ሰዎች፣ ይኼ ለኔትወርክ፣ ይኼ ለሌሊት ተረኛ እያለ ይለያል። ከዚያ መልእክቱን ለሚያደርሰው ይሰጣል፤ ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ ኤስኤምኤስ ወይም የስልክ ጥሪ። መጨረሻ ላይ ስልክ አለ። ከስልኩ ጀርባ ሰው አለ፤ ተኝቶ ይሆናል፣ ቅዳሴ ላይ ይሆናል።

እንግዲህ አለርት ጠፋ ሲባል አብዛኞቻችን የምንሮጠው ወደ መጀመሪያው ጫፍ ነው። ዲስኩ 90 በመቶ ሲሞላ ይጮህ የነበረውን 80 ሲሞላ ይጩህ እናደርገዋለን። ጩኸቱ በእጥፍ ይበዛል፤ የሚሰማው ሰው ግን ያው እንደ ድሮው ማንም ነው። ችግሩ ጩኸት ማነስ ሳይሆን መንገድ መሳት ከሆነ ይህ ምን ይፈይዳል? መንገዱን ግን ማንም መርምሮ አያውቅም። መንገድ አሰልቺ ነዋ! ጊዜ ወስዶ እያንዳንዱን ቅብብል መጠየቅ ይፈልጋል። አንተ ተቀብለሃል? ለማን ሰጠህ? እሱስ ተቀብሏል?

ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ፕሮሚቲየስን ጠየቅኩት፤ አለርቱን በ17፡20 አስነሥቻለሁ አለኝ። አለርትማናጀርን ጠየቅኩት፤ ተቀብዬ በዚያው ደቂቃ ለቀኑ ተረኛ አስደውያለሁ አለኝ። ለቀኑ ተረኛ? ከምሽቱ 2፡20 ላይ?

የአዲስ አበባ ኮምፒውተር ሠራተኛ በሦስት ሰዓት ነው የሚኖረው። አፋችን 2፡20 ይላል። ስልካችን 20፡20 ይላል። ሰርቨሩ ደግሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት ይዞ፣ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ፣ 17፡20 ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። አለርትማናጀር ደግሞ የት አገር እንዳላችሁ ለይታችሁ ካልነገራችሁት የተረኝነት ሰዓታችሁን የሚቆጥረው በዚያ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ የቀን ተረኛ ከ08፡00 እስከ 20፡00 ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው ሰው በልቡ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ማለቱ ነው። ማሽኑ የተረዳው ግን ከረፋዱ 5 እስከ ምሽቱ 5 ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት የሌሊት ተረኛ ሥራ የሚጀምረው በወረቀት 2 ሰዓት፣ በማሽን 5 ሰዓት ነበር። አለርቱ አልዘገየም። የታዘዘበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ ነው የደወለው።

ያንን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

(ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ለአለቃዬ ለመናገርም እንደዚያው ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ልጁ ምሳ ላይ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።)

ደግሞ ምልክቱ ነበረ እኮ! የሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ሁሉ ተራውን ጨርሶ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ስልኩ ይጮህበት ነበር። ለወራት «ይኼ ሲስተም አበደ» እያልን ስንስቅ ከርመናል። ማንም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ እኔም ጭምር።

መጎርጎር ከጀመሩ አይቀርምና ቀጠልኩ። ያቺ አለርት በዚያ ምሽት ሌላ የት የት ሄደች? የቀኑ ተረኛ ተራው ስላለቀ ነጠላውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ስልኩ ሲንቀጠቀጥ አውጥቶ አይቶታል። «ተራዬ አልቋል፣ ለልጁም ተደውሎለታል» ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው። እኔ ብሆንም የማደርገው ይህንኑ ነው። ኢሜይሉ ለጋራ ሳጥኑ ደርሷል፤ የሳጥኑን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም። ኤስኤምኤሱ ከዓመት በፊት ሥራ ወደለቀቀ ባልደረባችን ቁጥር ሄዷል። ቁጥሩን ደወልኩበት። አንዲት እናት አነሡት፤ ሲም ካርዱ ለእርሳቸው ከተሰጠ ቆይቷል። «ልጄ፣ አንተ ነህ ሌሊት ሌሊት በእንግሊዝኛ የምትልክብኝ? ለልጅ ልጄ ባስነብበው ዲስክ ሞላ ነው የሚለው አለኝ። ሰው ታሞባችሁ ነው?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከሁላችንም የተጨነቁት እርሳቸው ናቸው።

ቴሌግራም ግሩፑ ደግሞ 38 አባላት አሉት። አነስ ባለ ግሩፕ ውስጥ ቴሌግራም መልእክትህን ማን እንዳየው ለጥቂት ቀናት ያሳያል፤ ቀኑ ሳያልፍ ደረስኩበት። የ2 ሰዓት ከ20ዋን አለርት 14 ሰው አይቷታል። አሥራ አራት! ሁለቱ አለቆች ናቸው። ልጁ ከ14ቱ ውስጥ የለም። ከ38ቱም ውስጥ የለም። አዲስ ስለሆነ ግሩፑ ውስጥ ያስገባው ሰው አልነበረም።

ያየነው ሁላችን ተረፍን፤ ያላየው ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት።

ወዳጆቼ፣ ነገሩ የአንድ ኮንፊግ ፋይል ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ አስተካክዬ ዝም እል ነበር። ግን ይህ አመል የመጣው ከኮምፒውተር አይደለም። እኛ በግልባጭ ያደግን ሰዎች ነን። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይታችኋል መቼም፤ ሐሳቡ ሦስት መስመር ነው፣ ከሥሩ «ግልባጭ» ተብሎ የሚደረደረው ሰባት ክፍል ነው። ከሰባቱ አንዱ እንኳ አንድ ነገር ያደርጋል ተብሎ አይጠበቅም። ግልባጭ የሚጻፈው እንዲታወቅ ሳይሆን፣ ነገ ነገሩ ሲበላሽ «አሳውቄያለሁ» ለማለት ነው። ለላኪው መከላከያ ነው እንጂ ለተቀባዩ መረጃ አይደለም። አለርቶቻችንንም እንደዚሁ አደረግናቸው። ለሁሉም ይሂድ! ለሁሉም ከሄደ ማን ይከሰሳል? (መልሱን አይተነዋል፤ ተረኛው።)

የእኛ አገር ሰው ችግር ነው ብላችሁ እንዳትጨርሱት ሁለት የባሕር ማዶ ታሪክ ላውራችሁ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት አዲስ ፕሮግራም ጭኖ ነበር፤ ከስምንት ሰርቨሮች አንዱ ግን ተዘልሏል። ገበያው ሊከፈት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀረው የድርጅቱ ሲስተም ስሕተቱን የሚጠቅሱ ኢሜይሎችን ለሠራተኞች መላክ ጀመረ። ገበያው እስኪከፈት 97 ኢሜይል ልኳል። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ እንዳጣራው፣ እነዚያ ኢሜይሎች ማንቂያ ተብለው የተዘጋጁ አልነበሩም፤ ሠራተኞቹም ሲደርሷቸው የማንበብ ልምድ አልነበራቸውም። ገበያው ተከፈተ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ደርሷል እኮ፣ 97 ጊዜ! ግልባጭ ነበርና ማንም አላነበበውም።

ሁለተኛው የጊትላብ ነው፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ማታ አንድ የደከመው ኢንጂነር መጠባበቂያው ላይ የሆነ መስሎት ዋናውን ዳታቤዝ ማጥፋት ጀመረ። ነቅቶ እስኪያስቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ያህል ነው። ችግር የለም፣ ባክአፕ አለን አሉ። ባክአፑን ሲከፍቱት ባዶ። ባክአፕ የሚያደርገው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር በሥሪት ስላልተጣጣመ ሥራውን ሳይፈጽም ቆይቷል። ታዲያ ፕሮግራሙ ዝም አላለም ነበር፤ በከሸፈ ቁጥር ኢሜይል ይልካል። ኢሜይሎቹ ግን የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጠው ፊርማ ስላልነበራቸው ተቀባዩ የኢሜይል ሰርቨር በር ላይ ይመልሳቸው ነበር። ተልኳል። አልደረሰኝም። ያዳናቸው ያው ኢንጂነር ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ዳታውን ሲመልሱ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩ፤ የሆነውን ሁሉ ዘርዝረው ጻፉ፤ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የኢንጂነሩ ስም የለም። «የቡድን አባል 1» ነው የሚለው። ጥያቄያቸው ማን ነበር ተረኛው ሳይሆን ኢሜይሉ የት ጠፋ የሚል ነበር። ጥያቄው ትክክል ስለሆነ መልሱ ተገኘ። እኛ ቤት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ፋይሉ ተዘጋ፤ የእኔ መስመር 5 ሰዓት እየጠበቀች ተቀመጠች። የቅጣት ትልቁ ጉዳቱ ይኼ ይመስለኛል፤ ተቀጪ ሲገኝ ፍለጋው ይቆማል።

ደግሞ የሚገርመው፣ ማንቂያ ማድረስ እናውቅበታለን! እድራችንን ተመልከቱ። ሰው ሲያርፍ ጥሩንባ ነፊው ሌሊት ይነሣል። የሚዞረው የአባላቱን መንደር ነው፤ ሌላ ሠፈር ሄዶ አይነፋም። ለድመት ሞት አይነፋም፤ ቢነፋማ ሁለተኛ የሚነሣለት የለም። ስም ዝርዝሩ ይታደሳል፤ አዲስ የመጣ መመዝገቢያ ከፍሎ ይገባል፣ ሠፈር የለቀቀ ይሰረዛል። ከዚያ ትልቁ ነገር፣ ስም ይጠራል። ያልተገኘ ይቀጣል፤ ግን «ጥሩንባው በእኛ በኩል አልነፋም» ያለ ሰው ካለ ጥሩንባ ነፊውም ይጠየቃል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ያለ ፕሮሚቲየስ የሚሠሩትን እኛ በፕሮሚቲየስ አቃተን።

ስም ጥሪው ነው የጎደለን። አለርት ሲላክ ተረኛው «አይቻለሁ» ብሎ መመለስ አለበት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልመለሰ ወደ ሁለተኛው ሰው ይለፍ፤ እሱም ካልመለሰ ወደ አለቃው፣ በዓልም ቢሆን። ጓደኞቼ «ለአንድ ሰው ብቻ መላክ አደገኛ ነው፣ ቢታመምስ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ፣ በተራ። አንድ በአንድ እና ሁሉም በአንዴ ግን ለየቅል ናቸው። በአንዴ ለ38 ሰው ስትልክ 38ቱም ሌላውን ያያሉ።

መንገዱም ራሱ ይፈተን። እኛ በቴሌግራም ተማምነን ነበር። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያው ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብሎ እስከ ሐምሌ ሲቆይ ምን ነበር የምናደርገው? ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋስ? ሰርቨሩ ውጭ አገር፣ ተረኛው አዲስ አበባ፣ መሐላቸው ድልድይ የለም። አገር ውስጥ የተቀመጠች፣ ሲም ያለው ሞደም የተሰካባት አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ብትኖር ከውጭው ድምፅ ስታጣ «ጸጥ አለብኝ» ብላ ኤስኤምኤስ ትልክ ነበር። የሙያው ሰዎች ለዚህ ብለው ሁልጊዜ የምትጮህ አለርት ይሠራሉ፤ የምትጮኸው ሥርዓቱ ደኅና ሲሆን ነው፣ ሰው የሚቀሰቀሰው ዝም ስትል ነው። ጥሩንባ ነፊው ራሱ የሞተ ዕለት ማን ይነፋል ለሚለው ጥያቄ የተገኘ መልስ ነው።

ሰዓቱን አስተካክያለሁ። የእማማን ቁጥር ሰርዣለሁ፤ ደውዬም ነግሬአቸዋለሁ። አንዳንድ የዳታቤዝ አለርት በትልቅ ፊደል መጻፍ ያለበት ሌብል በትንሽ ፊደል ስለተጻፈ ብቻ ወደዚያ ከፋች የለሽ ሳጥን ሲወድቅ ነበር፤ እሱንም መልሻለሁ። ሰኞ ሰኞ ማታ የሐሰት አለርት እለቅና ተረኛው በስንት ደቂቃ እንደመለሰ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት 41 ደቂቃ ነበር፤ ባለፈው ሰኞ 4 ደቂቃ።

ልጁ አሁንም አብሮኝ ይሠራል፤ ስልኩን ግን ሽንት ቤት ሲሄድም ይዞት ይሄዳል። ለአለቃዬ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝ። ጨዋ ሰው ናቸው። «ጥሩ አድርገሃል ነገርከኝ። ደብዳቤው ግን ወጪ ሆኗል፤ ቁጥር ተሰጥቶታል» አሉኝ። እንዴት ይሻራል ስላቸው በጽሑፍ አመልክት አሉኝ። ማስጠንቀቂያው ከልጁ ማኅደር ወጥቶ በእኔ ማኅደር እንዲገባ ጠይቄ አንድ ገጽ ጻፍኩ። መዝገብ ቤት ግልባጭ ከሌለው አንቀበልም ስላሉኝ ከሥሩ አምስት ክፍል ደረደርኩበት። ዛሬ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። አምስቱንም ጠይቄአቸዋለሁ፤ ሁሉም ደርሶናል ብለውኛል።